የሲስተር ወሰንየለሽ የእንቅልፍ ወንፈል

ከሲስተር ወሰንየለሽ ቀኝ ቅንድብ ከፍ ብሎ ስምንት ቦታ የተሰፋ ጠባሳ አለ። ቀየት ገበያ ቆማችሁ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ሽንኩርት ሻጯ ፈረስ ረግጧት ነው ትላለች። ጠላ ሻጯ የባል መታሰቢያ ነው ትላለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ «ተዉኝ፣ እኔ የሰው ነገር አልወድም» ይልና መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ ግማሽ ሰዓት ያወራላችኋል። ፈረስስ አለበት፤ ባልም አለበት። ብቻ ባልየው የሷ አይደለም፣ ፈረሱም ማንንም አልረገጠም።

የሷን ባል ካነሳን አይቀር እሱን ቀድመን እንገላገለው። ወሰንየለሽ የግሼ ልጅ ናት። በአስራ ስድስት ዓመቷ ገብረየሱስ ለሚባል ሰው ዳሯት። ገብረየሱስ ቁመቱ አጭር፣ ዱላው ረጅም ሰው ነበር። ወንድ ልጅ ወለደችለት። ወልዳ በተኛች በሳምንቷ አንድ ነገር መጥቶ ደረቷ ላይ ቁጭ አለ። የምትጠራበት ስም አልነበራትም። ገንፎው ሲመጣ አፏ አይከፈትም። ልጁ ሲያለቅስ ከወንዝ ማዶ የሚያለቅስ የሰው ልጅ ይመስላታል። ቀኑን ሙሉ የጣራውን ጭራሮ ስታይ ትውላለች። ገብረየሱስ ከውጭ ይገባና «ሚስት ነው ያመጣሁት ወይስ ግንድ?» ይላል፤ ግንድ መሆኗን ለማረጋገጥ ይመታታል። በአስራ አራተኛው ቀን ግራ ክንዷን ሰበረው።

ያተረፈቻት አንዲት ጎረቤት ባልቴት ናት። ሴትዮዋ ምክር የላት፣ መድኃኒት የላት። በየቀኑ ረፋድ ላይ ትመጣለች፤ ልጁን ከጡት ታነሳና ታቅፈዋለች፤ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቀመጣለች። ማንም አያልፍም፣ ገብረየሱስም ቢሆን። ወደ ውስጥ የምትላት ቃል አንድ ብቻ ናት፤ «ተኚ»። አርባ ቀን እንዲሁ አለች። በአርባኛው ቀን ወሰንየለሽ ተነሳች። የክርስትናው ዕለት እንግዳ ተሰብስቦ ሳለ ገብረየሱስ «ግንዱ ዛሬ ቆመ» ብሎ ሰው አሳቀና፣ ሞቅ ሲለው ደግሞ ዱላውን አነሳ። ወሰንየለሽ ያን ሰዓት ቡና ልትወቅጥ ዘነዘና ይዛ ነበር። ሦስት የፊት ጥርሱ ረገፈ። አንደኛው ጠላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ተገኘ ይላሉ፤ እሱ እንኳ የተጨመረ ሳይሆን አይቀርም። ልጇን አዝላ መሐል ሜዳ ድረስ በእግሯ ሄደች፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ብርሃን። ሰው ቤት ተቀጠረች፣ የማታ ተማረች፣ ነርስ ሆነች፣ አዋላጅ ሆነች። ከዚያ ሌላ አገር ያጣች ይመስል ተመልሳ መንዝ መጣች።

ከቀየት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ከተመደበች አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ላይ ለአራሶች የሚነበብ አስር ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጥተዋት ነበር። ባለፈው ሳምንት ስቀሻል ወይ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ፣ ራስሽን መጉዳት አስበሻል ወይ። እስቲ አሁን የመንዝ ሴት፣ አማቷ ጓዳ ጆሮዋን ተክላ ቆማ፣ ምን ትመልስ? «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።» አስሩንም። አንዷማ ጥያቄው ሳይነበብላት «እግዜር ይመስገን»ን አስር ጊዜ በጣቷ ቆጥራ አስረክባት ተገላገለች።

ወሰንየለሽ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የራሷን መንገድ ያዘች። እርጉዝ ሴት ለምርመራ ስትመጣ ሆዷን ለክታ ስትጨርስ «ስትወልጂ ማን ያስተኛሻል?» ትላታለች። ሴትየዋ አልጋው ነዋ ብላ ትስቃለች። ሲስተር ግን አትስቅም። ወንዶቹ ገብስ ሲደርስ ወንፈል ይገቡ የለ፤ ዛሬ ያንተን ካጨድን ነገ የኔን ብለው? እሷም ሴቶቹን አራት አራት አድርጋ የእንቅልፍ ወንፈል አስገባቻቸው። አንዷ ስትወልድ ሦስቱ በተራ ይመጣሉ። የመጣችው ልጁ ጠብቶ ሲጨርስ ተቀብላ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ። አራሷ እስከ ስድስት ሰዓት ትተኛለች። ነገ ደግሞ ደጃፍ የተቀመጠችው ስትወልድ እንቅልፏ በእንቅልፍ ይከፈላታል። ሕጉ አጭር ነው። አራስ ቤት ገብተሽ አትመክሪም። ገረጣሽ አትበያት። ስታለቅስ ዝም አታሰኚያት። የሚያስፈራ ነገር ከሰማሽ ሩጫሽ ወደ ሲስተር ነው፣ ወደ ገበያ አይደለም። የመጨረሻዋ ሕግ ናት ሰፈሩን ሁሉ ያንገሸገሸችው።

እሷም በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአስራ አንደኛው ቀን ትዞራለች። ስትደርስ ቤቱን ባዶ ታደርገዋለች፤ አንዱን ውሃ ቅዳ፣ ሌላዋን እንጨት ልቀሚ፣ አማትን ውሃ አሙቂ እያለች። ከዚያ ከአራሷ ኋላ ትቀመጥና ጀርባዋን ታጥባታለች። ፊት ለፊት ሆኖ ለመጠየቅ ዓይን ያስፈራል፤ ከኋላ ሲሆን ግን አፍ ይፈታል። ጥያቄዋ አንድ ናት፤ ልጅሽ ሲያለቅስ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ምንድነው?

ይመኙሻልን ያገኘቻት እንዲህ ነው።

ይመኙሻል የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ስለሞተች እንደ ሰው ልጅ የመጀመሪያዋን እናቷ ቤት ሄዳ አልታረሰችም። የተኛችው አማቷ ቤት፣ እትዬ አረጋሽ ዘንድ ነው። እትዬ አረጋሽን የማታውቁ እንደሆነ፣ ስትረግም እንኳ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እግዜር ያክብርሽ የኔ ልጅ፣ እግርሽን ይስበረው» የምትል ሴት ናት። ልጇ አስፋው፣ የይመኙሻል ባል፣ ደግሞ የፈረስ ሰው ነው። ግንባሩ ነጭ የሆነ ዳማ ፈረስ አለው። ከሞላሌ የመጣውን የብረት ልጓም በየሳምንቱ በአመድ ያሸዋል፣ እስኪያበራ። ሚስቱ ከወለደች ወዲህ ያንን ልጓም ያየውን ያህል እሷን አላያትም ብለው ያሙታል፤ የተወለደችው ሴት ስለሆነች ነው የሚሉም አሉ። የይመኙሻል የወንፈል ሴቶች መጀመሪያ ቀን ሲመጡ እትዬ አረጋሽ በር ላይ ቆማ ቤቴ ወፍጮ ቤት አይደለም ተራ የሚጠበቅበት፣ ደግሞም የማን ዓይን እንዳላችሁ እንጃ ብላ መለሰቻቸው።

በአስራ አንደኛው ቀን ወሰንየለሽ እንደገና መጣች። እትዬ አረጋሽን ውሃ እንድታሞቅ ላከቻት። ይመኙሻል መደብ ላይ ባና ተከናንባ ተቀምጣለች። ጀርባዋ የወፍ ጀርባ መስሏል። ሲስተር ቀስ እያለች እያጠበች ያችን ጥያቄዋን ጠየቀቻት። መልስ የለም። አንገቷን አጥባ ትከሻዋ ላይ ስትደርስ ልጅቷ በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«ካራው።»

«ካራው ምን ሆነ?»

«ያናግረኛል።»

እዚህ አገር አራስ ትራስ ስር ብረት ይደረጋል፣ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት። ካራ፣ ማጭድ፣ ቤት ያፈራው። የተማረው ቤትም ይደረጋል፤ የተማረው ከፍራሹ ስር ይደብቀዋል እንጂ። የይመኙሻል ካራ ለገና በግ ያረዱበት፣ የቀንድ እጀታ ያለው ካራ ነበር። ወሰንየለሽ እጇ ሳይቋረጥ ምን ይልሻል አለቻት።

«መጀመሪያ ልጅቷን ይለኛል። ከዚያ ራስሽን። ሲስተር፣ በናትሽ ለእትዬ እንዳትነግሪ።»

ሲስተር ወሰንየለሽ አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰማችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከራሷ ጠፋ። ለማንም እንደማትነግር ቃል ገባችላት። እጇን ትራሱ ስር ሰደደች፣ ካራውን አወጣች። እትዬ አረጋሽ በዚያው ቅጽበት የፈላ ውሃ በጀበና ይዛ ገባች። የምታየው ምንድነው፤ ነርሷ በምራቷ ራስ ላይ ካራ ይዛ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ንግግር አልነበረም። ጀበናው በአየር ላይ መጣ። ወሰንየለሽ ፊቷን በክንዷ ከለለች፤ ውሃው ከክርኗ እስከ አንጓዋ ላጣት። በሌላው እጇ አሮጊቷን ገፋቻት፤ እትዬ አረጋሽ ገብስ ጆንያ ላይ በጀርባዋ ወደቀች፣ ወድቃም የሲስተርን ቀሚስ እስከ ጉልበት ቀደደችው። ወሰንየለሽ ጥርሷን ነክሳ፣ ስለት አራስ ቤት አይቀመጥም፣ ልጅቷ ዛሬውኑ መሐል ሜዳ ሐኪም ይያት አለች። እትዬ አረጋሽ ከጆንያው ላይ፣ አራሴን በብርድ አውጥቼ ምች ላስመታት አለች። ሲስተር ካራውን ቦርሳዋ ውስጥ ጥላ ወጣች። ነገ በጠዋት አስፋውን አስማምቼ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብላ ነው።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስለቱን መውሰዷ አይደለም። ብረት ወስዳ ብረት አለመተካቷ ነው። የመንዝ ልጅ ሆና፣ ያንን ትራስ ባዶ አድርጋ ሄደች።

በማግስቱ ልትነሳ ስትል መንታ ያረገዘች ሴት ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ መጣች። ሁለት ቀን ከሞት ጋር ጉተታ ሆነ። እሷ እዚያ ስትጎተት እትዬ አረጋሽ ከቤት ቤት ትዞራለች። በየደጁ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ሲስተራችሁ እግዜር ያክብራትና የልጄን ምሽት ራቁቷን ለሰይጣን ሰጥታት ሄደች» ትላለች። ሰው አዘነ። አንዳንዱ እያዘነ ጨመረበት። በሦስተኛው ቀን ካራውን ሲስተር ለጠንቋይ ሸጠችው እስከመባል ደርሶ ነበር።

ይመኙሻል ካራው ከሄደ ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም። ካራው ሄደ እንጂ ድምፁ አልሄደም። በአስራ አራተኛው ቀን ጠዋት አማቷ ልጅቷን ልታስታቅፋት ስትቀርብ ጮኸች፤ «አርቁልኝ፣ አታምጡብኝ» አለች። ከመደቡ ወርዳ ግድግዳው ድንጋይ ላይ ግንባሯን መታች፣ ደገመች። እትዬ አረጋሽ አሁን ገባባት አለች። አስፋው ከውጭ ሮጦ ገባ፤ ጠፍር አምጥቶ ምሰሶው ላይ አሰራት፤ አለንጋውን አወረደ። ስምህን ተናገር፣ ከየት ነው የያዝካት፣ ውጣ። እያንዳንዱ ቃል አንድ አለንጋ ነው።

ሲና የምትባል ጎረቤት፣ ከወንፈሉ ሴቶች አንዷ፣ የአለንጋውን ድምፅ ሰምታ ቁልቁል ሮጠች። ወደ ገበያ አልሮጠችም፤ ይህን ሰፈሩ ዛሬም ይገረምበታል። ጤና ጣቢያው በር ላይ ደርሳ ትንፋሽ አጥሯት «እየገረፏት ነው» ብቻ አለች። ወሰንየለሽ ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ ተነስታ፣ ሲናን አስከትላ ዳገቱን ወጣች።

አስፋው ላቡን ሊጠርግ ደጅ ወጥቶ ነበር። ፈረሱ ልጓም እንደገባለት አጥሩ ላይ ታስሯል። ከዚያ በፊት ሲስተርን እርስዎ ነበር የሚላት፣ ባርኔጣውንም ያነሳ ነበር። ያን ዕለት ባርኔጣም እርስዎም አልነበረም።

«ቤቴን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ» አላት።

«ዞር በል አስፋው።»

ዱላው የወይራ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታት። ሲና የተሰማው ድምፅ ደረቅ ኩበት በጉልበት ሲሰበር ይመስላል ትላለች። ወሰንየለሽ ፈረሱ እግር ስር ተዘረረች። ፈረሱ ደም ሸቶት በኋላ እግሩ ቆመ፤ ኮቴው ከራሷ ስንዝር ርቆ ወረደ። አስፋው የሞተች መስሎት ትንሽ ቆሞ አያት፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ወደሚያውቀው ሥራ ተመለሰ። ከቤት ውስጥ አለንጋው እንደገና ተሰማ።

ተነሳች። አንድ ዓይኗ በደም ተዘግቷል። በሚያየው ዓይኗ መጀመሪያ ያየችው እንጨት መፍለጫው ጋ የተተከለ ምሳር ነው። አይታዋለች፤ ራሷ ናት የተናገረችው። እጇም ሄዶ ነበር። የዘነዘናው ልጅ አይደለችም እንዴ? የአስፋው ማጅራት፣ በሩ ውስጥ፣ ስድስት እርምጃ። ግን ምሳሩን ይዛ ብትገባ ይመኙሻል የምታየው ሌላ ስለት ነው። ያ የሚያናግራት ነገር ይሄንንም በጆሮዋ ይተረጉምላታል። ደግሞ ከዚያ በኋላ ማን ያስተኛታል? ሲስተር እስር ቤት፣ ባል መቃብር፣ ልጅቷ ምሰሶ ላይ።

እጇን ከምሳሩ መለሰችና ወደ ፈረሱ ዞረች። ልጓሙን ከአፉ አወጣች፤ አረፋና ደም እየተንጠባጠበበት ነው፣ ደሙ የሷ ነው። ፈረሱ ነፃ ሲወጣ የገብሱን ክምር እየዞረ ጋለበ።

ውስጥ ገባች። ይመኙሻል ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላለች፣ ቀሚሷ ጀርባው ላይ ተበጣጥሷል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ በወተት ርሷል። እትዬ አረጋሽ በረሃብ የምትጮህ ልጅ ታቅፋ ቆማለች። አስፋው አለንጋውን አንስቷል። ወሰንየለሽ ልጓሙን ትራሱ ላይ ወረወረችው። ብረቱ መደቡን መትቶ ሲጮህ ሁሉም ዘወር አሉ።

«እትዬ አረጋሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ብረት ወሰድኩ፣ ሳልተካ ሄድኩ። ይኸው ተክቻለሁ።»

«ልጓም?»

«ልጓም። ብረት አፍ የሌለው መስሎዎት ነበር። ይሄኛው አፍ የሚይዝ ነው። ፈረስ ዝም ያሰኛል።»

እትዬ አረጋሽ ምኑ ነው አፍ ያለው ብላ ጠየቀች። ወሰንየለሽ ቃል ገብታለች። ወደ ይመኙሻል ብቻ አየች። ያቺ ልጅ ምሰሶው ላይ ጉንጯን እንዳስጠጋች ራሷ ተናገረች።

«ካራው ነው። ልጅቷን ግደያት ይለኛል። ለዚህ ነው አርቁልኝ ያልኩት።»

አስፋው «ይኸው፣ እየለፈለፈ ነው» ብሎ አለንጋውን ከፍ አደረገ። እናቱ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ወደ ምራቷ ተጠጋች።

«መቼ ነው የሚናገርሽ?» አለቻት።

«ጎህ ሲቀድ።»

«ድምፁ የማን ነው?»

«የራሴ።»

እትዬ አረጋሽ ሕፃኗን ለሲና ሰጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ልጇ ጋ ሄዳ አለንጋውን ከእጁ ወሰደች። እሱም የሷ ተራ መስሎት ሰጣት። ከዚያ ከግራ ጆሮው እስከ አገጩ በአንድ ምት ሰነጠቀችው።

«የኔ ማጭድ ነበር» አለችው። «አንተን ወልጄ የተኛሁ ጊዜ። ጎህ ሲቀድ ይመጣና በራሴ ድምፅ ያወራኛል። ማጭዱን ገደል ወረወርኩት፣ ጠፋ አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ያኔ አባትህ እንዳንተ አለንጋ አንስቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አለንጋ የምታነሳ አንተ አትኖርም ነበር።»

ሁለተኛውን ትከሻው ላይ፣ ሦስተኛውን እግሩ ላይ፣ አራተኛውን ደጅ አስወጥታ ክምሩ ጋ። እያንዳንዱን ስትመታ ሠላሳ ሁለት ዓመት ዝም ያለችውን ነው የምታወጣው። አስፋው እናቱ ላይ እጁን አላነሳም፣ ይሄን ይሄን እንኳ ያውቃል፤ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ ተቀመጠ። ፈረሱ እየዞረ ሲያልፍ ያየዋል።

ውስጥ ወሰንየለሽና ሲና ጠፍሩን ፈቱ። ሲስተር ደሟ እየተንጠባጠበ የልጅቷን ጀርባ በጨው ውሃ አጠበች። ለሕፃኗ ጡት አትስጪ አላለቻትም፣ ብቻሽንም ስጪ አላለቻትም። እትዬ አረጋሽ ተመልሳ ሕፃኗን በራሷ እጅ ይዛ ጡቷ ላይ አስጠጋቻት፣ እስክትጠግብ ድረስ እጇን አልለቀቀችም። ይመኙሻል የልጅቷን እግር በአንድ ጣት ነካች። ከዚያ ትራሱን ዳሰሰች፤ ልጓሙ አለ፣ ስለት የለውም። እትዬ አረጋሽ ሕፃኗን አቅፋ ደጃፍ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቁጭ አለች። ማን አስተማራት? አንድ ጊዜ መጥተው የተባረሩት ሴቶች ምን ሊያደርጉ እንደመጡ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር፤ ወሬም አንዳንዴ ይጠቅማል። ይመኙሻል በአስራ አራተኛ ቀኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኛች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ አወረዷት። እትዬ አረጋሽ ምቹን ረስታ ከኋላ ባናውን ይዛ ተከተለች፤ መሐል ሜዳ ያለው ሐኪም ክኒን ጀመረላት፣ አስራ ሁለት ቀንም አስተኝቶ አያት። ወሰንየለሽን እዚያው ስምንት ቦታ ሰፏት። ሐኪሙ ሲሰፋት ፈረስ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ከፊሉ ነው አለችው።

አስፋውን ፖሊስ ዘጠኝ ቀን አሰረው፣ ክስ ተመሰረተበት፣ ጉዳዩ ገና ይመላለሳል። በዘጠኙ ቀን እናቱ አንዲት ቆሎ አልላከችለትም። ሽማግሌዎች ስለ ልጅሽ ይቅር በይን ሊሉ ቢመጡ፣ አረጋሽ ጎንበስ ብላ ተቀብላ፣ እግራቸውን አጥባ፣ ከሐኪም የተመለሰችውን የምራቷን የተገረፈ ጀርባ አሳየቻቸውና ሲበቃቸው ሸኘቻቸው።

ይመኙሻል ስትመለስ ወንፈሉ ገባ። እትዬ አረጋሽ ከሁሉ የባሰች የወንፈል ሴት ሆነች። የሌላዋ ተራ ሲሆን እንኳ ዱላ ይዛ አጥሩ ጋ ትቆማለች፤ አራስ ልትጠይቅ መጥታ «ወይኔ፣ ከሳሽ» ያለች አንዲት አክስት ዱላውን በቁርጭምጭሚቷ ቀምሳ ሄዳለች። የድምፁ ነገር ቀስ እያለ ራቀ። መጀመሪያ ጠዋት ብቻ ሆነ፤ ከዚያ አንዳንድ ጠዋት፤ ከዚያ አንድ ቀን ይመኙሻል ስትነሳ ፀሐይ ወጥታለች፣ ልጅቷም እጇን አንስታ አፍንጫዋን ይዛታለች። አማቷ ይሄን ለሲስተር ስትነግር ሳቀች ነው ያለቻት፣ በቀሯት ሁለት ጥርሶች የይመኙሻልን ሳቅ እያሳየች።

አስፋው ተፈትቶ መጥቶ ማድቤት ውስጥ ይተኛ ነበር። ልጓሙን የሚጠይቅበት አፍ አልነበረውም። ሰማንያ ቀን እስኪሞላ ፈረሱን በገመድ መጋለብ ጀመረ። የቀየት ገበያ ዕለት ፈረሱ ከሚኒባስ ጥሩምባ በረገገ፤ ገመድ ምን ያደርግለታል፤ አስፋውን ይዞት ሽንኩርት ተራ ገባ፣ ሦስት ጆንያ ረግጦ እሱን አራተኛው ላይ ጣለው። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን ይዛ ከላዩ ቆማ ምነው ልጓምስ ብትለው፣ ህመሙ አፉን አስከፈተው መሰለኝ፣ «አራስ ቤት ነው» አለ። ያ ገበያ እስኪፈታ ሳቀ። አሁንም ጎረምሶቹ ሲያልፍ ልጓሙ አገገመ ወይ ይሉታል፤ እሱም ይራገማል፣ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው።

በሰማንያ ቀኗ ልጅቷ ክርስትና ተነሳች። በማግስቱ ጠዋት አስፋው አንድ ክንዱ በጨርቅ እንደታሰረ ደጅ ቆሞ ነበር፤ በደህናው እጁ ፈረሱን ይዞ። ይመኙሻል ልጓሙን ከትራሷ ስር አውጥታ በነጠላዋ ጠርዝ ወልውላ ወጣች። እጁን ዘረጋ። እጁን አልፋ ከሲና ጋር ዳገቱን ወረደች። ታርቃው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ሰፈሩ ገና አልወሰነም፤ እሱ ግን ዛሬም ማድቤት ነው የሚተኛው።

የወረደችው አመተሥላሴ ዘንድ ነው። አመተሥላሴ ከወንፈሉ ሴቶች ናት፣ ከትናንት በስቲያ ወልዳለች፤ ትራሷ ስር አማቷ የሰደደችው ስለታም ማጭድ አለ። ሲስተር ወሰንየለሽ ቀድማ ደርሳ የአራሷን ጀርባ እያጠበች ነበር። ይመኙሻል ማጭዱን አወጣች፣ ልጓሙን ተካች። ማጭዱን ለአማትየዋ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ከዚያ ጠብቶ የጠገበውን ልጅ ተቀብላ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች።

አመተሥላሴ ከውስጥ ትራሱን ዳስሳ፣ ይሄ ነገር ጥርስ የነከሰው ነው እንዴ አለች።

«ተኚ» አለቻት ይመኙሻል፣ ሳትዞር።